ደምን ሳያፈስሱ ደምን ከመርጋት መጠበቅ፦ በመርፌ የሚሰጠውን ፀረ-መርጋት መድኃኒት በጥንቃቄ ስለመጠቀም



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሄፓሪንና ስለ ቅርብ ዘመዱ ስለ ኢኖክሳፓሪን ነው። ሁለቱም በመርፌ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ደም በማይገባው ቦታ እንዳይረጋ ይከላከላሉ፤ ሁለቱም ያለ ጥንቃቄ ከተሰጡ ደም ያፈስሳሉ። ላስረዳ የምሞክረው አሳብ አንድ ነው፦ የዚህ መድኃኒት ደኅንነት የሚወሰነው መርፌው ቆዳን በሚወጋበት ቅጽበት ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በሚዛኑ፣ በሰዓቱና በጽሑፉ ይወሰናል፤ ከዚያም በኋላ ታካሚዋ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ በምትቆይባቸው ቀናት ይወሰናል።

አስቀድሜ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። ቁስል በደረሰበት ቦታ ደም መርጋቱ የሕይወት ጠባቂ ነው። አደጋ የሚሆነው ያልተቈረጠ ሥር ውስጥ ሲረጋ ነው። ብዙውን ጊዜ በእግር ጥልቅ ደም መልስ ሥር ውስጥ ይጀምራል፤ ቁራጩ ከዚያ ተነቅሎ በልብ በኩል ወደ ሳንባ ከደረሰ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው ሥራው ይህን ጉዞ አስረድቷል። ዛሬ በስሙ የሚጠሩት ሦስቱ መንሥኤዎች የደም ፍሰት መዘግየት፣ የሥር ግድግዳ መጐዳትና የደሙ ራሱ ለመርጋት መቸኰል ናቸው።

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ሰው ላይ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሞተር ሳይክል አደጋ የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ለሳምንታት የተኛ ወጣት ደሙ በእግሩ ዘግይቷል፣ ሥሮቹም ተጐድተዋል። በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ደግሞ ሦስቱንም ትሸከማለች፤ እርግዝና ራሱ ደምን ለመርጋት ያዘጋጃል፣ ቀዶ ሕክምናው ሥሮችን ይጐዳል፣ የአራስነት ዕረፍቱ እንቅስቃሴን ይቀንሳል። የካንሰር ሕሙማንና በጽኑ ሕመም አልጋ የያዙ ሰዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ወደ መድኃኒቱ ልለፍ። ተማሪዎች ሆይ፣ ሄፓሪን የተገኘው በተማሪ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ በፕሮፌሰር ዊልያም ሀወል ቤተ ሙከራ ደም የሚያረጋ ንጥረ ነገር ሲፈልግ፣ ከጉበት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አገኘ። ሀወል በ1918 ሄፓሪን ብሎ ጠራው፤ ቃሉ በግሪክኛ ጉበት ከሚለው የመጣ ነው። ኢኖክሳፓሪን የሚሠራው ሄፓሪንን ወደ አጫጭር ሰንሰለቶች በመከፋፈል ነው። አጫጭሮቹ ሰንሰለቶች በሰውነት ውስጥ የሚያሳዩት ጠባይ ይበልጥ የሚገመት በመሆኑ፣ ለመከላከል ሲሰጥ በቀን አንድ ጊዜ መወጋት ይበቃል፤ የደም ምርመራም በየጊዜው አይጠይቅም።

ሁለቱም የሚሠሩት በሰውነታችን ውስጥ ቀድሞውኑ ያለውንና አንቲትሮምቢን የሚባለውን የመርጋት ተቈጣጣሪ በማበርታት ነው። ስለዚህ ሕዝቡም ባለሙያውም የሚጠቀምበት «ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስም ያሳስታል። መድኃኒቱ ደምን አያቀጥንም፣ አይቀንስምም። ደም ማነስ እንዳለባት ለተነገራት እናት «ደም ማቅጠኛ እንወጋሽ» ቢሏት እምቢ ማለቷ ምን ይደንቃል? «ደምሽ እግርሽ ውስጥ እንዳይረጋ የሚከላከል መርፌ» ማለት ጥቂት ቃላት ይጨምራል፤ ግን እውነቱን ይናገራል። የረጋውን ደም እንደማያሟሟም አብሮ መታወቅ አለበት፤ አዲስ እንዳይረጋና የረጋው እንዳያድግ ይከለክላል እንጂ፣ የቀረውን ሥራ ሰውነት ራሱ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ። ይህን መድኃኒት በሚያዝዝ ሰው ፊት ሁለት ፍርሃቶች ይቆማሉ። አንዱ የመድማት ፍርሃት ነው። መድማት ይታያል፤ አንሶላ ያርሳል፣ ቤተሰብ ያስጮኻል፣ ያዘዘውን ሰው ያስጠይቃል። ሌላው መድኃኒቱ ባለመሰጠቱ የሚመጣው ሞት ነው። ይህ አይታይም። ታካሚዋ ቁስሏ ደርቆ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ትወጣለች፤ በሁለተኛው ሳምንት ቤቷ ውስጥ ትንፋሽ አጥሯት ትወድቃለች። ሰው «ምች መታት» ወይም «ልቧ ነው» ይላል። አስከሬን አይመረመርም፤ ሆስፒታሉም ወሬውን አይሰማም። ስለማይታየው ሞት ማንም አይጠየቅም።

ሚዛኑን ግን በሐቀኝነት እንያዝ። የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ትንተና መሠረት፣ ከ2003 እስከ 2009 በዓለም ከሞቱት እናቶች 27 ከመቶ ያህሉ በመድማት፣ 3 ከመቶ ያህሉ ደግሞ በረጋ ደምና በመሰል ምክንያቶች የሥር መዘጋት ደርሶባቸው ነው የሞቱት። ስለዚህ መድማትን መፍራት ስንፍና አይደለም፤ በቂ ምክንያት አለው። ሆኖም መድማትን አስቀድማ በተቈጣጠረችው በብሪታንያ፣ የረጋ ደም ለዓመታት የእናቶች ሞት ቀዳሚ ቀጥተኛ ምክንያት ሆኖ ቆይቷል። እኛም መድማትን እያሸነፍን በሄድን ቁጥር ተደብቆ የቆየው ይገለጣል። መፍትሔው ከሁለቱ ፍርሃቶች አንዱን መምረጥ አይደለም፤ መድኃኒቱ የሚገባውን ሰው ለይቶ፣ በልኩ፣ በሰዓቱ መስጠት ነው።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር አንዲት እናት በአሳባችን እናስቀምጥ። በአንጋጫ አካባቢ ከምትገኝ የገጠር ቀበሌ ወደ ዱራሜ፣ ከዱራሜም ወደ ሆሳዕና ተልካ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ወለደች እንበል። ክብደቷ 46 ኪሎ ግራም ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የብሪታንያ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች መመሪያ እንዲህ ላለችው እናት ለ10 ቀን የመከላከያ መርፌ ይመክራል። እስቲ በእርሷ በኩል አራት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

የመጀመሪያው «ይገባታልን?» የሚለው ነው። በመድማት ላይ ያለ ሰው፣ በአንጎሉ ውስጥ በቅርቡ ደም የፈሰሰበት፣ የፕላትሌት ቍጥሩ እጅግ የወረደ፣ ወይም ከዚህ ቀደም በሄፓሪን ምክንያት ፕላትሌቱ የወደቀ ታካሚ መድኃኒቱን መውሰድ የለበትም። ይህ ጥያቄ በመግቢያ ቀን አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚዘጋ አይደለም። ማለዳ ያልደማች እናት ማታ ልትደማ ትችላለች፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ይጠየቃል።

ሁለተኛው «ስንት?» ነው። ለአዋቂ የተለመደው የኢኖክሳፓሪን መከላከያ መጠን በቀን አንድ ጊዜ 40 ሚሊግራም ነው። ይሁን እንጂ ያው የብሪታንያ መመሪያ ከ50 ኪሎ ግራም በታች ለሆነች እናት 20 ሚሊግራም ይላል። የእኛዋ እናት 46 ኪሎ ናት፤ ሚዛን ላይ ካልወጣች ግን ማን ያውቃል? በዓይን መገመት እጥፍ መጠን ሊያሰጥ ይችላል። ሌላም አለ፦ 20ና 40 ሚሊግራም ተሞልተው የሚመጡት ስሪንጆች ብዙውን ጊዜ የመለኪያ መስመር የላቸውም፤ የ40ውን እኩሌታ በዓይን መስጠት ግምት እንጂ መጠን አይደለም። ኢኖክሳፓሪን በኩላሊት በኩል ስለሚወገድ፣ ኩላሊቱ ክፉኛ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ወደ ሄፓሪን ይዛወራል። ክብደትና ክሬአቲኒን ሳይታዩ የተጻፈ ትእዛዝ ያልተጠናቀቀ ትእዛዝ ነው። የመከላከያው መጠን የረጋ ደም ላለበት ሰው ከሚታዘዘው የማከሚያ መጠን የተለየ መሆኑም አይዘንጋ፤ ለማከም በየ12 ሰዓቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 1 ሚሊግራም ይሰጣል።

ሄፓሪን ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ወደ ብልቃጡ ይዞራል። መከላከያው 5,000 ዩኒት ከቆዳ ሥር፣ በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ ነው። አንድ ብልቃጥ 5 ሚሊ ሊትር ይዞ «በሚሊ ሊትር 5,000 ዩኒት» ተብሎ ቢጻፍበት፣ በውስጡ ያለው 25,000 ዩኒት ነው፤ የሚቀዳው ግን 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። 5,000 የሚለውን ብቻ አይቶ ብልቃጡን ሙሉ የቀዳ ሰው አምስት እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። በኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ የተጻፉት ዩኒቶችም የኢንሱሊን እንጂ የሄፓሪን አይደሉም። ዩኒት የሚለውን ቃል በአንድ የላቲን ፊደል ማሳጠርም አደገኛ ነው፤ ፊደሉ በእጅ ጽሑፍ ዜሮ ይመስልና መጠኑን አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ይህ የድሃ አገር ስሕተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ የአዋቂዎች ሄፓሪን ብልቃጥ በሕፃናቱ ቦታ በመቀመጡ ሦስት ጨቅላ ሕፃናት ሞተዋል። ስለዚህ ሁለት ባለሙያዎች ለየብቻ አስልተው፣ ብልቃጡን ጮክ ብለው አንብበው ይስጡ። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ ሥርዓት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «መቼ?» ነው። በጀርባ አጥንት መካከል የሚሰጥ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከመጨረሻው የኢኖክሳፓሪን መከላከያ መርፌ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከማከሚያው መጠን ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት። ይህ ካልተጠበቀ በአከርካሪው ቦይ ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ነርቭን ሊጫን፣ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ከማደንዘዣው በኋላም ለሚቀጥለው መርፌ ቢያንስ 4 ሰዓት ይጠበቃል፤ ከዚህ የረዘመ ጊዜ የሚጠይቁ መመሪያዎችም አሉ።

እዚህ ላይ በእኛ አገር ያለ ወጥመድ አለ፤ እርሱም ሰዓታችን ነው። በዱራሜ በተጻፈ የመላኪያ ወረቀት ላይ «መጨረሻ የተወጋችው በ8 ሰዓት» የሚል ቢገኝ፣ የማን አቈጣጠር ነው? በእኛ ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወረቀቱን ያነበበው የማደንዘዣ ባለሙያ በፈረንጆቹ ቢቈጥር 12 ሰዓት አልፏል ይላል፤ ጸሐፊው በእኛ ጽፎ ከሆነ ግን ያለፈው 6 ሰዓት ብቻ ነው። ስድስቱ ሰዓት በአንዲት እናት የጀርባ ነርቭ ላይ የሚከፈል ዕዳ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» ብሎ መጻፍና ከሰዓቱ ጋር ቀኑንና መጠኑን መጨመር ነው።

አራተኛው ጥያቄ «እንዴት?» ነው። ኢኖክሳፓሪን የሚሰጠው ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ነው፤ ጡንቻ ውስጥ በፍጹም አይወጋም። ታካሚው ተጋድሞ ወይም ደገፍ ብሎ፣ በሆድ ጎንና ጎን፣ ከእምብርት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከቀዶ ሕክምናው ጠባሳም ሸሽቶ ይመረጣል። እጅ ይታጠባል። ቆዳው በሁለት ጣት ተቈንጥጦ ከፍ ይላል፤ መርፌው ቀጥ ብሎ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ መድኃኒቱ በዝግታ ይገፋል፤ ቆንጣጩ ጣት የሚለቀው መርፌው ከወጣ በኋላ ነው። ቀድሞ በተሞላ ስሪንጅ ውስጥ የምትታየው ትንሽ የአየር ዐረፋ ሙሉው መጠን ሲሰጥ አትወገድም፤ ልናስወጣት ስንሞክር መድኃኒቱም አብሮ ይፈስሳል። የተወጋው ቦታ አይታሽም፤ መታሸቱ ያበልዘዋል። በማግስቱ መርፌው ወደ ሌላው ጎን ይዞራል።

እስካሁን የተናገርሁት በሆስፒታል ግድግዳ ውስጥ ነው። እናታችን ግን በሦስተኛው ቀን ወጥታለች። ከአሥሩ መርፌዎች ብዙዎቹ ገና ይቀራሉ፤ እነርሱን ማን ይወጋታል? ከመውጣቷ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። በቅርቧ ያለ ጤና ጣቢያ በየቀኑ ሊወጋት ይችል እንደሆነ በስልክ ይረጋገጥ። ካልሆነም እርሷን ወይም ባለቤቷን ማስተማር ይቻላል፤ ብዙ አገሮች ታካሚዎች ራሳቸውን ይወጋሉ። ትምህርቱ ግን በምትረዳው ቋንቋ፣ በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ፣ ይሁን፤ ተምራ ስታበቃም በባለሙያ ፊት በገዛ እጇ አንድ ጊዜ ታሳይ። «ገባኝ» ማለት በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ሰው ሐኪምን ስለሚያከብር ያልገባውንም «እሺ» ይላል። መርፌዎቹ በሙሉ በእጇ ሳይገቡም አትውጣ፤ በከተማ ያለ መድኃኒት በገጠር ላይገኝ ይችላል።

መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ አለመፈለጉ ለእኛ መልካም ዜና ነው። ከ25 ዲግሪ በታች፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል። ያገለገለው መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ተጠራቅሞ ወደ ጤና ተቋም ይመለሳል፤ በእንሰት ጓሮ የተጣለ መርፌ ነገ የልጅ እግር ያገኘዋል። አንድ ቀን የተረሳ መርፌ ሲታወስ ይወሰዳል፤ የሚቀጥለው ከደረሰ ግን የተረሳው ይታለፋል እንጂ ሁለቱ በአንድነት አይሰጡም።

በቤት ውስጥ የሚያጋጥሙ ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ ሳንንቅ እንነጋገርባቸው። ወገብ ያመማት እናት በአቅራቢያዋ ክሊኒክ የዲክሎፌናክ መርፌ በመቀመጫዋ ትወጋ ይሆናል። ዲክሎፌናክና አስፕሪን የመድማት ዕድልን ይጨምራሉ፤ በጡንቻ የሚሰጥ መርፌም በዚህ ጊዜ ውስጥ ደም ያቍራል። ዋግምትም እንዲሁ ይቅር። ከሁሉ በላይ እግሯ ካበጠ ወጌሻ አያሻት። ወጌሻው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ነገር ግን የረጋ ደም ያለበትን እግር ማሸት ቁራጩን ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ወጌሾችን ወደ ውይይታችን ብንጋብዛቸው ያበጠ እግር የሚልኩልን አጋሮች ይሆናሉ። ምግብን በተመለከተ የአራስ ገንፎዋን፣ አተካናዋን፣ ቆጮዋን ከነጎመኗ ትብላ። ከጎመን ጋር መጠንቀቅን የሚጠይቀው በአፍ የሚወሰደው ዋርፋሪን ነው እንጂ ይህ መርፌ አይደለም። ሕፃኗንም ታጥባ፤ ኢኖክሳፓሪን ጡት የሚጠባውን ልጅ አይጐዳም። ከአልጋ ተነሥቶ በየጊዜው መራመድና ውሃ መጠጣት ደግሞ መርፌ የማይተካው መከላከያ ነው።

አደጋ ሲመጣ የሚታወቅባቸውን ምልክቶች ቤተሰቡ ሁሉ ይወቃቸው። ከወሊድ በኋላ ደም ሲበዛ፣ ቁስሉ ሲደማ፣ ሰገራ ሲጠቍር፣ ብርቱ ራስ ምታት ሲመጣ፣ እግር ሲደነዝዝ፤ በሌላ በኩል አንድ እግር ሲያብጥና ሲያም፣ ደረት ሲወጋ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደም ያዘለ ሳል ሲመጣ፣ ነገ አይባልም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። በሆስፒታል ያለው ማርከሻ ፕሮታሚን ሰልፌት ነው። በቅርቡ የተሰጠን 100 ዩኒት ሄፓሪን ለማርከስ 1 ሚሊግራም ያህል ይበቃል፤ ኢኖክሳፓሪንን ግን በከፊል ብቻ ያረክሳል። ስለዚህ ማርከሻ አለ ብሎ መዘናጋት አይገባም። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ፕላትሌት በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ መድኃኒቱ ራሱ መርጋትን እየቀሰቀሰ ሊሆን ይችላልና ሄፓሪን ሁሉ ይቁም፤ በሌላ ዓይነት ፀረ-መርጋት መድኃኒት ይተካ። ይህ ከኢኖክሳፓሪን ይልቅ በሄፓሪን ይበዛል።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ የሚከብደውም እርሱ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ሄፓሪንም ኢኖክሳፓሪንም የሚገኙት ከአሳማ አንጀት ነው። በሀዲያና በከምባታ ሙስሊሞች፣ ኦርቶዶክሶችና ፕሮቴስታንቶች በአንድ ዋርድ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ብዙዎቹም የአሳማ ነገር ይጸየፋሉ። ይህን እንንገራቸው ወይስ ዝም እንበል? እኔ እንንገራቸው እላለሁ። በእስልምና ሕይወትን ለማዳን ሌላ አማራጭ ሲጠፋ የተከለከለው የሚፈቀድበት የ«ዳሩራ» መርሕ አለ፤ በክርስቲያኖችም ዘንድ መድኃኒትንና ምግብን ለይተው የሚያስረዱ አባቶች አይጠፉም። ከእንስሳ የማይገኝ ፎንዳፓሪኑክስ የተባለ መርፌም በዓለም አለ፤ በእጃችን ካለ ይቅረብ፣ ከሌለም እንደሌለ ይነገር። ተደብቆ የተሰጠ መድኃኒት ነገ ምሥጢሩ ሲወጣ በአንድ ታካሚ ብቻ አያበቃም፤ ቀበሌው ሁሉ መርፌውን ይሸሻል። ተነግሮት የተቀበለ ሰው ግን አሥሩንም ቀን ይፈጽማል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሾኔ፣ በሺንሺቾ፣ በዶዮገና ወይም ከዚያም በራቀ ስፍራ ብቻችሁን ትእዛዝ ትጽፋላችሁ። በዚያ ውድ መሣሪያ ላታገኙ ትችላላችሁ። ሚዛን፣ ሰዓት፣ እስክሪብቶና የታካሚውን ቋንቋ የሚናገር ሰው ግን አታጡም። ዛሬ ከዘረዘርሁት ጥንቃቄ አብዛኛው የሚፈልገው እነዚህን አራቱን ነው። መርፌውን ስትሰጡ የሚታየውን ደም ፍሩ፤ መርፌውን ስትከለክሉ ደግሞ የማይታየውን ሞት ፍሩ። ከዚያም መዝናችሁ ወስኑ፣ የወሰናችሁበትንም ምክንያት ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ ታካሚዋን የሚቀበለው ባለሙያ የሚያየው የጻፋችሁትን ብቻ ነውና።

እዚህ ላለነው ታካሚዎችና ቤተሰቦች አንድ ቃል ልጨምር፦ ይህ ንግግር የሐኪማችሁን ትእዛዝ አይተካም። መጠኑን ለእናንተ የሚወስነው መርምሮና መዝኖ ያያችሁ ባለሙያ ነው፤ እናንተም «ክብደቴን መዝናችኋል? ለስንት ቀን ነው? ቤት ስገባ ማን ይወጋኛል?» ብላችሁ ጠይቁት። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።